አመዱን ብቻውን ያመጣው ሰው

«መሸ መሸ» ስላችሁ «ተጠጋ ተጠጋ» በሉኝ።

መሸ መሸ!

ተጠጉ እንጂ! አፍ ብቻ አይጠጋም፣ ቂጥም ይጠጋል። ብርድ ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል። እሳቱን አትቆስቁሱት፤ ተዉት ይክሰም። ይህ ወሬ ብዙ ብርሃን አይወድም።

ሰዓቱ እንዲህ ነበር፣ ልክ እንደ አሁን። ፀሐይ ገብታለች፣ ጨረቃ ገና አልወጣችም። ጉማሬ ከውሃ ወጥቶ ሣር የሚግጥበት ሰዓት። መንገዱ ደግሞ ያ ነው፤ ያ ወደ ሐይቁ የሚወርደው። ግራው ግራር፣ ቀኙ ግራር፣ መሃሉ አሸዋ። አሸዋ ምን ያደርጋል? ኮቴ ይውጣል። ከኋላህ ሰው ቢመጣ አትሰማም።

በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ወረደ። ዘርጋው ይባላል። «ብቻህን አትውረድ» ተብሏል፤ ወረደ። ምን አወረደው? ቅናት። ቅናት ሰው አያስከትልም ልጆቼ። «ብቻህን ና» ነው የሚለው።

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ድሮ በጃንሆይ ጊዜ አምሳ አለቃ ጓንጉል የሚባሉ ሰው ነበሩ። ከወታደርነት ጡረታ ወጥተዋል። ይህን የወንድ ልጆች ካምፕ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ከተማው በክረምት ጭቃ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል። ወንድ ልጅ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ወንድ ልጅ ምን ያደርጋል? የሰው መስኮት ይሰብራል። አትሳቁ፣ ታውቁታላችሁ። አምሳ አለቃ አሮጌ ድንኳን ለምነው፣ ልጆቹን በጭነት መኪና ጭነው እዚህ አመጧቸው። እዚህ ዝናቡ ትንሽ ነው። ዋና አስተማሯቸው። ድንኳን መትከል አስተማሯቸው። የራስን ጣሳ በአሸዋ ፈትጎ ማጠብ አስተማሯቸው።

ክረምቱ ሲያልቅ ትልቅ እሳት ነደደ። በማግስቱ መኪናው መጣ፤ ልጆቹ አለቀሱ። አምሳ አለቃ ምን አሉ?

«አታልቅሱ። እሳቱ አልሞተም» አሉ።

አመዱን በእጃቸው ዘግነው ቅል ውስጥ ጨመሩት። የቅሉን አፍ በሰም ደፈኑት። «ለከርሞ እሳታችንን በዚህ አመድ ላይ እናነዳለን። ዛሬ ክቡ ላይ የተቀመጠ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ» አሉ።

ታዲያ ቅሉ የት ይደር? ድንኳኑ ይነቀላል፣ ቤት የለም። ሐይቁ ዳር ያለውን ትልቅ ድንጋይ ታውቁታላችሁ? ሥሩ ዋሻ ነው። እዚያ ሰቀሉት።

እንዲህ ሆኖ ወግ ሆነ። በመጀመሪያው ማታ ማንም እሳት አያነድም። ልጆቹ በጨለማ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሁለት ሰው ወደ ዋሻው ይወርዳል። ፊተኛው ቅሉን ይይዛል፤ እሱ አመድ ያዥ ይባላል። ኋለኛው ባዶ እጁን ይከተላል። ሲመለሱ ልጆቹ ከጨለማው ይጠይቃሉ።

«ማን መጣ?»

«አምና መጣ!» ይላል አመድ ያዡ።

«ከማን ጋር?»

«ከዘንድሮ ጋር!» ይላል ኋለኛው።

ያን ጊዜ አመዱ ይበተናል፣ እሳቱ ይነዳል፣ ዘፈኑ ይቀልጣል።

ለምን ሁለት ሰው? ይህን ትንንሾቹ አያውቁም ነበር፤ ትልልቆቹ ግን ያውቃሉ። ካምፑ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት ወንድይፍራው የሚባል ጎረምሳ ነበር፤ የድንኳን አለቃ ነው። ቅሉን እኔ አመጣዋለሁ ብሎ ልቡ ቆሟል። ለሌላ ተሰጠ። «ለእኔ ይገባ ነበር» አለ። አኮረፈ። ቀድሞ ሊወስደው በምሽት ብቻውን ወረደ።

ጠዋት ባርኔጣው ውሃው ላይ ተገኘ። ቅሉ በቦታው ተሰቅሏል። ወንድይፍራው ግን የለም። ሬሳውም አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ አምሳ አለቃ፣ «ቅሉን ብቻውን የሚያመጣ የለም» አሉ። ሕግ ሆነ።

አሁን ወደ ዘርጋው እንመለስ።

ዘርጋው በልጅነቱ እዚህ መጥቷል። አደገ፤ ጢም አወጣ፤ በየክረምቱ መምጣቱን ግን አልተወም። የድንኳን አለቃ ሆነ። ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል? ጨርቅ መደብር ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነው። እዚያ ስሙን የሚያውቅ የለም። «አንተ፣ ያንን አውርድ። አንተ፣ ይህን ቁረጥ።» እዚህ ግን ጋሼ ዘርጋው ነው። ልጆቹ እጁን ይዘው ይጓተታሉ። አመድ ያዥም ለብዙ ዓመት እሱ ነበር። «አምና መጣ!» ሲል ድምፁ ሐይቁን ይሻገራል ይባላል። ከዓመት ዓመት የሚኖረው ለዚያች ቃል ነው። ሌላ ምን አለው? ምንም።

አንድ ክረምት አምሳ አለቃ ዋና የሚያስተምር ሰው ቀጠሩ። ቱፋ ይባላል። የሐይቁ ልጅ ነው፣ ዓሣ አጥማጅ። ሳቂታ ነው። ትንንሾቹን በጀርባው አዝሎ ይዋኛል። ውሃ የሚፈራውን ልጅ አይቆጣውም፤ አብሮት እንደፈራ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ይስቃል። የሳቀ ልጅ ደግሞ ይገባል።

ዘርጋው ዳር ቆሞ ያያል። ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ያያል። ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ገባ። ትንሽ ነገር ናት፤ እንደ ብል ያለች። ብል ጋቢ ስትበላ ድምፅ አላት? የላትም። ጋቢውን ስትዘረጋው ነው ቀዳዳውን የምታየው።

በሚቀጥለው ክረምት ጭነት መኪናው መጣ። ዘርጋው ቀድሞ መጥቷል፤ ሸሚዙን ተኩሶ በር ላይ ቆሟል። አምና በወባ ሲንቀጠቀጥ ዘርጋው ሌሊቱን ሙሉ ታቅፎት ያደረ አንድ ልጅ መኪናው ላይ ነበር። ልጁ መኪናው ሳይቆም ዘለለ። ዘርጋው እጁን ዘረጋ።

«ቱፋ! ቱፋ!»

ልጁ በዘርጋው ብብት ሥር ሾልኮ አለፈ። ቱፋ አንገት ላይ ተንጠለጠለ። የዘርጋው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ምን ያድርጋት? ፀጉሩን አከከባት።

ራት ደረሰ። በራት ላይ አመድ ያዥ ይመረጣል። እንዴት ይመረጣል? በጣሳ ነው። ስም ይጠራል፤ የወደደ ጣሳውን በማንኪያ ይመታል። የብዙ ጣሳ ጩኸት ያገኘ እሱ ያሸንፋል።

«ዘርጋው!» አሉ አምሳ አለቃ።

ቃ… ቃ… ቃ። እንደ ጣሪያ ጠብታ።

«ቱፋ!»

ምኑን ልንገራችሁ! ጉማሬው ከውሃው ብቅ አለ ይባላል። ያ የወባው ልጅ ጣሳውን እስኪሰረጎድ ደበደበው።

ወጥ ሠሪው ሳህሌ የሚባል ቀልደኛ ነው። ጭልፋውን ይዞ ሳቀ።

«ዘርጋው ወንድሜ፣ ዘንድሮ ጅራት ሆንክ እኮ! አይዞህ፣ ዝንብ ታባርራለህ!»

ልጆቹ ሳቁ። ዘርጋውም ሳቀ። ጥርሱ ብቻ ነው የሳቀው።

ቱፋ አየው። አጠገቡ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ ዘርጋው፣ ቅሉን አንተ ያዘው። እኔ ኋላ ልሁን። ለእኔ ምንም አይደለም» አለው ቀስ ብሎ።

ስሙኝ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ያልቅ ነበር። እሺ ቢል ቅሉ የሱ ነበር። ግን «ለእኔ ምንም አይደለም» የምትለው ቃል ወጋችው። እሱ ዓመቱን ሙሉ የኖረላት ነገር ለዚህ ምንም አይደለችም!

«ምጽዋት ለመንኩህ?» አለው ዘርጋው።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«ተወው። አንተ ፊት፣ እኔ ኋላ። ሂድ አሁን ልጆቹን አስቀምጥ። እኔ ፋኖስ ይዤ እመጣለሁ፣ ከክቡ ጋ ጠብቀኝ።»

ቱፋ አመነው። ሄደ።

ዘርጋው ፋኖስ አመጣ? አላመጣም። በድንኳኖቹ ጀርባ ዞሮ ወደ ሐይቁ መንገድ ገባ። ልቡ ውስጥ እንዲህ ይላል፤ «ቅሉን ይዤ ስመጣ፣ ጨለማ ነው፣ ማን ያየኛል? ‹አምና መጣ› እላለሁ። ድምፄን ያውቁታል። ያን ጊዜ ጣሳቸው ይቆጫቸዋል። ‹ከማን ጋር?› ሲሉም ራሴ እመልሳለሁ። ደግሞ ዘንድሮን ማን ፈልጎት!»

ግራው ግራር። ቀኙ ግራር። መሃሉ አሸዋ።

ዋሻው ደረሰ። ነፋስ የለም። የሐይቁ ውሃ እንደ ወተት ረግቷል። ቅሉ ግን ይወዛወዛል። ወዲህ፣ ወዲያ። ወዲህ፣ ወዲያ። ሰው ነክቶት እጁን ገና አሁን ያነሣ ይመስላል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትሮጣላችሁ! እሱ ግን ቅናት ይዞታል፤ ቅናት ዓይን አለው እንጂ ማየት አያውቅም። ቅሉን አወረደው። «የኔ» አለ። ደረቱ ላይ አቅፎት ተመለሰ።

ትንሽ ሄደ። አንድ ነገር ሸተተው። የረጠበ የሱፍ ልብስ ሽታ። አልፎ አልፎ ፀሐይ ያየ አይደለም፤ ጨርሶ ደርቆ የማያውቅ የሱፍ ሽታ።

ትንሽ ሄደ። ማጅራቱ ላይ ጠብ አለ። ውሃ ነው። ቀና አለ፤ ሰማዩ ኮከብ ብቻ ነው።

ትንሽ ሄደ። እያጉተመተመ ነው።

«ለእኔ ይገባ ነበር።»

«ለእኔ ይገባ ነበር» አለ ከኋላው።

ቆመ። የገደል ማሚቶ መሰለው። እዚህ ገደል አለ? የለም። ሜዳ ነው።

«ማነው? ሳህሌ፣ አንተ ነህ?»

«ሂድ» አለው ድምፁ። «ከኋላህ ነኝ።»

ሳህሌ መሰለው። ሊያበሽቀኝ ተከትሎኝ፣ አሁን ደግሞ አዝኖልኛል አለ። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለው። ሲቀና የኖረ ሰው፣ አዎ የሚለው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ወደ ኋላ ሳይዞር ማውራት ጀመረ።

«አየህ አይደል የሠሩኝን?»

«አየሁ።»

«ትናንት የመጣ ዓሣ አጥማጅ!»

«ትናንት የመጣ።»

«ስለፋ ኖሬ፣ ስለፋ ኖሬ!»

«እኔም ለፍቻለሁ። ጠብቄያለሁ።»

«አንተማ ምን ትጠብቃለህ? ወጥህ እስኪበስል ነው!»

ድምፁ አልሳቀም። ሳህሌ ግን ለራሱም ለሰውም ቀልድ የሚስቅ ሰው ነው። ይህን ጊዜ ዘርጋው ዞሮ ሊያይ ፈለገ፤ አንገቱ እምቢ አለው። ደግነቱ የልጆቹ ማጉረምረም ተሰማው። ክቡ ደርሷል። ፈጠን ፈጠን አለ።

ልጆቹ በጨለማ ከመንገዱ በኩል የሰው ጥላ ሲመጣ አዩ። ቱፋ ፋኖስ እየጠበቀ ነው። ልጆቹ ግን ወጉን ያውቃሉ። ሁሉም ባንድ አፍ ጮኹ።

«ማን መጣ?»

ዘርጋው ደረቱን ነፋ። ያቺ ቃል ናት። ዓመቱን የኖረላት ቃል።

«አምና መጣ!»

«ከማን ጋር?»

ራሱ ሊመልስ አፉን ከፈተ። አልደረሰም። ከትከሻው ላይ፣ ከጆሮው ሥር፣ ሌላ መለሰ።

«ከካቻምና ጋር!»

አንድ ትንሽ ልጅ ጨዋታ መስሎት ሳቀ። የሳቀው ብቻውን ነው።

«ዘርጋው» አለ አንድ ሰው ከክቡ ውስጥ። ሳህሌ ነው። ልጆቹ መሃል ተቀምጧል። «ዘርጋው፣ ያ ከኋላህ ያለው ማነው?»

«ጋሼ፣ እኔም እዚህ ነኝ» አለ ቱፋ በሌላ ወገን።

አምሳ አለቃ ተነሡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማ። ያን ድምፅ ያውቁታል። ሳይረሱት ነው የኖሩት።

«ወንድይፍራው?» አሉ።

«አቤት አምሳ አለቃ። ተራዬ ነው» አለ ድምፁ።

ከዘርጋው ጀርባ እጅ መጣ። ቀዝቃዛ፣ የረጠበ፣ እንደ ዓሣ የሚያዳልጥ እጅ። ቅሉን ያዘ። መጎተት ጀመረ።

«ልቀቅለት!» ጮኹ አምሳ አለቃ። «ዘርጋው፣ ቅሉን ልቀቅለት፣ ይሂድ!»

መልቀቅ ከባድ ነው? እጅን መክፈት ብቻ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ያደርገዋል። ዘርጋው ግን ምን አሰበ? «አንዱ በጣሳ ወሰደብኝ። አሁን ደግሞ ሌላው መጣብኝ» አለ። ሙት መሆኑን ያውቃል! ግን አንጀቱ አልቻለም።

«የኔ ነው!» አለ።

«የኔ ነው!» አለ ያኛው።

ተጓተቱ። ዘርጋው ወደ ኋላው፣ ወደ መንገዱ ተጎተተ። ተረከዙ አሸዋውን እያረሰ ሄደ። ልጆቹ ጮኹ። ቱፋ ሮጠ፤ ደረሰበት፤ ወገቡን አቀፈው።

«ጋሼ ልቀቅ! አመድ እኮ ነው! ጋሼ፣ ለአመድ!»

ዘርጋው ወገቡ ላይ ያለውን እጅ አየ። የቱፋ እጅ ናት። ልታድነው የመጣችው እጅ ልትነጥቀው የመጣች መሰለችው። ጎንበስ ብሎ ነከሳት። እስከ አጥንት ነከሳት። ቱፋ ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ የታየ የለም፤ የተሰማ ነው። ግራሩ መሃል፣ ቁልቁል፣ «የኔ ነው!» ይላል። «የኔ ነው!» ይላል። ራቀ። ራቀ። ውሃ ተንቦጫረቀ። አሁንም «የኔ ነው!» ይባላል፤ ውሃ አፉ የገባበት ሰው እንደሚናገረው ሆኖ ይባላል። ከዚያ ጭጭ።

ቱፋ ችቦ ለኩሶ ወረደ፣ ሳህሌንም ይዞ። አሸዋው ላይ የተረከዝ መስመር አለ፤ እስከ ውሃው ይሄዳል። ከጎኑ የባዶ እግር ዳና አለ፤ ዳናው ሁሉ ውሃ ያቆረ ነው። የገባ እንጂ የወጣ ዳና የለም።

ያን ማታ እሳት አልነደደም። አምሳ አለቃ ልጆቹን እጅ ለእጅ አያያዟቸው፤ እንደተያያዙ ነጋ። ያ የወባው ልጅ ሲያለቅስ አደረ። «እንደማልወደው መሰለው እንዴ?» ይል ነበር።

ቅሉ ሐይቁ ውስጥ ቀርቷል፤ በማግስቱ አምሳ አለቃ ሌላ ቅል አመጡና ቱፋን «አመድ ያዥ ሁን» አሉት። ተነክሶ በጨርቅ የታሰረ እጁን አሳያቸው። «ይህ ነገር ባንድ ሰው እጅ ከተያዘ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይቃጠላል» አለ። ወጉን የለወጠው እሱ ነው። ዛሬ ቅሉን ስታመጡ በገመድ አንጠልጥላችሁ፣ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ትይዙት የለም? ለጌጥ ይመስላችኋል? ቅሉ ዋሻው ውስጥ ማደሩም ያኔ ቀረ።

ዋሻው ግን አለ። እነሱም አሉ።

አዎ፣ አሉ። እስከ ዛሬ እየተጨቃጨቁ ነው። በዚያ መንገድ ብቻውን የሚሄድ ሰው ሲያገኙ በግራና በቀኝ ይመጡና ያቆሙታል። «አንተ ሰው፣ ዳኘን። የማን ነው?» ይሉታል። ለአንዱ ቢፈርድ ሌላው ይወስደዋል። ለሌላው ቢፈርድ ያኛው ይወስደዋል።

ምን አልክ አንተ? የተወሰደው ካልተመለሰ ማን አወራው? ብልህ ነህ፣ ትምህርት ገብቶሃል። ሁለት ሆነው የሚያልፉ ሰዎች ይሰማሉ። ሁለት የሆነን ሰው አይጠይቁትም፤ ይፈሩታል። ሲጨቃጨቁ ግን ይሰማል። ሳህሌ ሰምቷል። ቱፋም ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ ከሰማ ሦስት ቀን እህል አይቀምስም ነበር።

እና ከእናንተ መሃል በጓደኛው የቀና አለ? አትንገሩኝ። ሆዳችሁ ያውቀዋል። ብቻ ከቀናችሁ ተቆጡ፣ ተሰዳደቡ፣ ከፈለጋችሁ ተደባደቡ፤ ግን ሰው መሃል ሁኑ። ያንን ነገር ይዛችሁ ብቻችሁን ጨለማ ውስጥ አትግቡ። የሚያጅባችሁ አይጠፋም።

በሉ ተነሡ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደ ድንኳናችሁ።

ቆይ።

ማነው «የማን ነው?» ያለው?

አንተ ነህ? አንተስ? ከዚያ ወገን ነው? ማንም አፉን አልከፈተም?

እንግዲያው እጅ ለእጅ ተያያዙ። ጥብቅ አድርጉ። ወደ እኔ ብቻ እዩ፤ ከኋላዬ ወዳለው አትዩ።